ሜዳው ላይ የገባ ማዞር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግን ባዳነቱ ይቀራል። እማማ የቤቱ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላቸው ተጋድመው የጠዋት ጸሎታቸውን በልባቸው ሲያደርሱ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከጣሪያ እስከ ወለል በወረደው ስንጥቅ በኩል የልጃቸውና የምራታቸው ድምፅ አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ባልና ሚስቱ ልብስ ሊቀይሩ ወደ መኝታ ቤታቸው ወጥተው ነበር። እማማ የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ጸሎቱን መሐል ላይ አድርሰውት ነበርና ጥለውት መነሣት አልሆነላቸውም።

«ለገዢዎቹ ያዞራታል እንላቸዋለን» አለ ልጃቸው። «ደግሞም ያዞራታል። ያልተነቃነቀ ቤት ተነቃነቀ የሚል ሰው ጤነኛ ነው?»

«እኔም ተነቃንቆብኛል እኮ» አለች ምራታቸው።

«አንቺማ ደክሞሽ ነው።»

 የመሳቢያ መከፈትና መዘጋት ተሰማ። «ደክሞኝ ነው» አለች ምራታቸው በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምታስጠና ሁሉ።

ነገሩ የማክሰኞ ንጋት ነገር ነው። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መሬት ተንቀጠቀጠች። ሬዲዮው ከከተማው ራቅ ባለ ቦታ መጠነኛ መንቀጥቀጥ መድረሱን ተናግሮ ወደ ስፖርት አለፈ። የሰፈሩ ሰዎችም ሬዲዮው ከተናገረው ሁሉ መርጠው «ራቅ ባለ ቦታ» የምትለዋን ቃል ያዙ። ሰፈሩ ድሮ ረግረግ ነበር። የዕድሜ ባለፀጎች ላም ሲሰጥምበት ያስታውሳሉ። በኋላ ውሃው ተንጠፈጠፈ፣ ከየፈረሰው ሕንፃ የተጫነ አፈርና ፍርስራሽ ተደፋበት፣ አስፋልት ተነጠፈበት፣ ስሙም «ሜዳው» ተባለና የከተማው ደህና ደህና ቤቶች ተሠሩበት። ከሜዳው በላይ ያለው ኮረብታ ግን ያገጠጠ አለት ነው። ውሃ በጀሪካን የሚወጣበት፣ መሠረት የሚቆፍር ሰው መዶሻ የሚሰብርበት፣ የሜዳው ሰዎች «ድንጋዩ ላይ ያሉት» እያሉ በአገጫቸው የሚያመለክቱት ቦታ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ትናንት በነፃ ቢሰጡህ የማትቀበለው የድንጋዩ መሬት፣ ዋጋው ከጠዋት ማታ ይለዋወጥ ጀመር።

ማክሰኞ ከሰዓት የሰፈሩ ኮሚቴ በሰብሳቢው ሳሎን ተቀመጠ። ሰብሳቢው ከእነ እማማ ጋር አጥር የሚጋራ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ስብሰባ መምራት ያልተወ ሰው ነው። ብዙ ከተመከረ በኋላ፣ በዕለቱ ያለፈው ከባድ የጭነት መኪና ነው ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ከባድ መኪና በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል ያለ ሰው ነበር፤ ሕገወጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው ተባለለት። መዋጮ ተሰበሰበና በሰፈሩ መግቢያ አስፋልት ላይ ሁለት ጉብታ ተሠራ። መሬትን ከነተራራዋ የሚያናውጠው ነገር፣ ሜዳው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ እንዲገባ ማለት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚሸጥ ቤት ነበረው፤ አንዱ ልጆቹ ስላደጉ፣ ሌላው ግቢው ስለሰፋበት፣ ሌላውም ሚስቱ ከፍታ ትወዳለችና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ያን ሰሞን የሜዳው ወንዶች ሁሉ ወገባቸውን ታመሙ። የእማማ ልጅም ወገቡ ከአልጋ ይልቅ የመኪና ወንበር ይስማማው ጀመርና ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ ማደር ለመደ፤ ከአጥሩ ማዶ የሰብሳቢውም መኪና መስታወት በትንፋሽ ደፍርሶ ያነጋ ነበር። ምራታቸው ሙቀቱ አስቸገረኝ ብላ ምድር ቤት፣ በሩ አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ ወረደች። እማማ ግን አልወረዱም። የሚያዞረው ሰው በደረጃ መመላለስ የለበትም ተባለ፤ ቢወድቁስ? እናም በቤቱ ካሉት ክፍሎች ሁሉ አብልጦ በሚወዛወዘው ክፍል ውስጥ፣ ለራሳቸው ደህንነት ሲባል፣ እማማ ብቻቸውን ቀሩ።

የዛሬው ቀን ሁለት ጉዳይ ነበረው። ጠዋት ሐኪም፣ ከሰዓት ገዢዎች። እማማ በልጃቸውና በምራታቸው ተደግፈው ደረጃውን ሲወርዱ እግራቸው ከሁለቱም እግር ይልቅ ጽኑ ነበር፤ ምራታቸው አንድ ቦታ ላይ ስትደናቀፍ እንዳትወድቅ የያዟትም እሳቸው ናቸው። በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀመጡና ሁለቱን ጉብታዎች አልፈው ወደ ድንጋዩ ወጡ። ሐኪሙ ያለው እዚያ ነው። ልጃቸውን ሰፈሩ ኢንጂነሩ ይለዋል። ሥራው አፈር መመርመር ነው፤ ሕንፃ ሊሠራ ሲል መሬቱን በማሽን በስቶ፣ ከሥር የወጣውን ጭቃና ድንጋይ በሣጥን ደርድሮ አይቶ፣ ይህ ይሸከማል ያኛው አይሸከምም ብሎ የሚፈርም ሰው ነው።  እሱ እናቱን በመስታወቱ እያየ ይነዳል፤ እሳቸው ከተማውን እያዩ ይሄዳሉ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ወደ መንገዱ ይመለሳሉ።

የክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ በአረጋውያን ተሞልቶ ነበር። እማማ ሌሎቹ ተጠጋግተው ቦታ ከሰጧቸው በኋላ ዙሪያቸውን ቃኙና አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የማያውቁት ሰው አልነበረም። ከቀኛቸው ጡረተኛው ዳኛ፣ ከግራቸው የዳቦ ቤቱ ባለቤት እናት፣ ፊት ለፊት ሁለቱ እህትማማቾች፤ ሁሉም የሜዳው ሰዎች። ያመጧቸው ልጆቻቸው ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ እርስ በርሳቸው አይተያዩም።

«እርስዎንም ያዞርዎታል?» አሉ ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይላሉ» አሉ እማማ።

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ።»

«እኔን መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ነው ያዞረኝ» አሉ ዳኛው። «መጽሐፍ መደርደሪያውንም አዞረው፤ እሱ ግን እንደኔ አልቻለም፣ ወደቀ። ልጄን ሦስት ምስክር ልጥራልህ አልኩት። ጠራሁ። ሦስቱም ያዞራቸዋል ተብለው ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል።» በአገጫቸው እህትማማቾቹንና የዳቦ ቤቱን ባለቤት እናት አመለከቱ። ሴትዮዋ በከባዱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ልጃቸው ቀና ሲል መነቅነቁን አቆሙ።

ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑትና የሚቸኩል ሰው ነበር። እማማን ዓይናቸውን አስጨፍኖ አቆማቸው፤ ቆሙ። በአንድ እግር አቆማቸው፤ ቆሙ። በመስመር ላይ ተራመዱ አላቸው፤ የወጣት ሙሽራ ያህል ቀጥ ብለው ሄደው ተመለሱ። ሐኪሙ ግንባሩን አሸ። «አደገኛው እንዲህ ያለው ነው» አለው ለኢንጂነሩ። «ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ሰፈር የሚመጡት ሁሉ እንደዚህ ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት ከውሃው ይሆናል።»

«ልጄ፣ አንተ ማክሰኞ ምንም አልተሰማህም?» ሲሉ ጠየቁት እማማ።

«እማማ፣ እኔ ማክሰኞ ተረኛ ነበርኩ። እዚችው ወንበር ላይ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ውሃ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም።» እውነቱን ነበር። ለእውነቱም ምስክር የሆነለትን ብርጭቆ አንሥቶ አሳያቸው።

የሴት ልጃቸው ቤት ከክሊኒኩ ብዙም አይርቅም። ልብስ ሰፊ ናት። ከአለቱ ጎን ተጠግታ የተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ በመጋረጃው ጀርባ፣ የደንበኞቿ ልብስ ከጣሪያ በተዘረጋ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይኖራሉ። ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ በሯ ሲጥ ሲጥ የሚል ቤት ናት፤ ወንድሟ ሲመጣ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጎ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ግን አልተቀመጠም።

«እስቲ ንገሪያት» አላት እንደቆመ። «ማክሰኞ ንጋት ላይ ምን ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ፊት ወደ ወንድሟ ፊት ተመለከተች። ውሸት አይሆንላትም፤ በልጅነቷም ሲሰርቁ የምትያዘው እሷ ነበረች። «እማዬ» አለች፣ «እኔ ማክሰኞ የሠርግ ቀሚስ ይዤ ስሰፋ ነው የነጋብኝ። አንቺ ያልሽው ሰዓት ላይ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር። ክሩ እንኳ ቀዳዳውን አልሳተም።»

«ይኸው» አለ ኢንጂነሩ፤ በጥሩ ምስክር ጉዳዩን እንዳሸነፈ ሰው። «ቦታ አይቼ ልምጣ» ብሎም ወጣ። ከልብስ ሰፊዋ ቤት ጎን ያለውን ባዶ መሬት ደላላ ሊያሳየው ቀጥሮት ነበር።

እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የማያምኑትን ሰው መከራከር አይከብዳቸውም፤ ይህችን ልጃቸውን ግን ያምኗታል። ክር ከገባ መሬት አልተነቃነቀም ማለት ነው። መሬት ካልተነቃነቀ አልጋቸውን ከግድግዳው እስከ በሩ ያመላለሰው ምን ነበር? ጌታዬ፣ አሉ በልባቸው፣ አእምሮዬን ልትወስደው ከሆነ በአንዴ ውሰደው፤ እንዲህ በየተራ አታድርገው። ልጃቸው የእናቷን ዝምታ ላለማየት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ስለ ክር መወደድ አወራች፣ ስለ አንዲት ሁሌ አጥብቢልኝ ስለምትል ደንበኛ አወራች። እማማ «እ» ይላሉ። መኪናው ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ይሽከረከራል።

ስልኩ ሲጮህ ሁለት እጇ ጨርቁ ላይ ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምራቲቱ ነበረች። ገዢዎቹ ከተባለው ቀደም ብለው ይመጣሉ፣ ቶሎ ኑ፣ እማማንም ንጹሕ ልብስ እንዲለብሱ ንገሪያቸው አለች። ነግራ ሳትጨርስ ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ የሩቅ ነጎድጓድ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ ከዚያ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያ ምራቲቱ «እናቴ» ስትል ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ ግን ገመዱ ላይ የተሰቀሉት ቀሚሶች ጫፋቸው እንኳ አልተወዛወዘም። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ስፒሎች ብቻ፣ ጆሮ ለሰጣቸው፣ አንድ ጊዜ ሽር ብለው ዝም አሉ። እዚህ ዝም ካለ በኋላም እዚያ ቀጠለ። ስልኩ ውስጥ ያለው ቤት አንዴ ከተገፋ ማቆሚያው እንደጠፋበት ዥዋዥዌ ሲንቋቋ ቆየ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መልሱ ብዙ ቆይቶ መጣ። «ምንም አይደል። ድመት ናት።»

«ድመት አላችሁ እንዴ?»

«የጎረቤት ናት» አለች ምራቲቱና ዘጋችው።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ስፒሎቹን አየች፣ ስልኩን አየች፣ በመጨረሻ እናቷን አየች። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልዋሸሁሽም።»

«አልዋሸሽም» አሉ እማማ። «እኔም አልዋሸሁም።»

«እንዴት ይሆናል ታዲያ? መሬቱ አንድ አይደል?»

«እኔም አንድ ይመስለኝ ነበር።»

«በቃ እዚሁ እደሪ። እኔ መሬት ላይ አነጥፋለሁ፤ ወደዚያ ቤት አትመለሽም።»

እማማ የልጃቸውን እጅ ይዘው ጣቶቿን አሻሹላት፤ መርፌ የወጋቸው፣ ጫፋቸው የጠነከረ ጣቶች ነበሩ። ደስ አላቸው፤ አልታመሙማ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየላቸውም። «ዛሬ ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ» አሉ። «የሚያዩት የኔን ክፍል ነው።»

ሲመለሱ ኢንጂነሩ ስልክ እያወራ ነዳ። የድንጋዩ ደላላ ነበር፤ ሁለት ቦታ ስላሳየው የትኛውን እንደመረጠ ይጠይቀዋል። የሚያዞረው ሰው አብሮ ቢቀመጥም እንደሌለ ይቆጠራልና ድምፁን አልቀነሰም።

«ከላይ ያለውን ነው የምፈልገው» አለ ኢንጂነሩ። «የታችኛው ጫፉ ላይ አፈር ተደፍቶበታል፤ አልፈልገውም። እኔ የምፈልገው መዶሻ የሚመልስ ድንጋይ ነው።»

«ኧረ ምን ልዩነት አለው ኢንጂነር፣ አንድ ሰፈር አይደል እንዴ?» አለ ደላላው።

«እንዴት ልዩነት የለውም? ብርጭቆን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ጠረጴዛውን በቡጢ ምታው። ከዚያ ወፍራም ፍራሽ ላይ አቁመህ ሞክረው። ከሥር የሚመጣው አንድ ነው፤ አለቱ ተቀብሎ ቶሎ ያሳልፈዋል። ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ሩጫው ይቀንሳል፤ ሩጫው ሲቀንስ ይቆለላል፣ ቁመት ያወጣል። መውጫም ያጣል፤ ከአለቱ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ አለቱ ይመላለሳል። የአፈሩ ምት ከቤቱ ምት ጋር ከገጠመ ደግሞ አለቀልህ፤ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በደረሰ ቁጥር የሚገፋው ሰው አገኘ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ከቤቴ ሥር ከአስር ሜትር በላይ ጭቃ ነው። ፎቃችን ደግሞ ልክ ለሱ የተሰፋ ይመስላል።»

«በምን አወቅህ?»

«ባለፈው ወር ለጉድጓድ ውሃ ብዬ በሳሁት። ውሃው ጥሩ ነበር።»

ስልኩን ዘጋው። መኪናው ቁልቁል ወረደ፤ ኮረብታው ሲያልቅና ሜዳው ሲጀምር አንድም ምልክት የለውም፣ አስፋልቱ ያው ነው።

«ታዲያ እኔን ሐኪም ዘንድ የወሰድከኝ ለምንድን ነው?» አሉ እማማ ከኋላ።

ኢንጂነሩ መስታወቱ ውስጥ አላያቸውም። «ላንቺም ብዬ እኮ ነው እማዬ» አለ ቆይቶ። «አለቱ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አስቤልሻለሁ። ምድር ላይ፣ ደረጃ የሌለው። ግን መጀመሪያ ይኼኛው መሸጥ አለበት። እንዲሸጥ ደግሞ…»

«እኔ መታመም አለብኝ።»

«ለጥቂት ቀን ነው» አለ። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ትኩሳት አለኝ የሚለው ድምፁ ነበር፤ እማማ አወቁት። ሁለቱ ጉብታዎች ላይ ሲደርስ መኪናውን በጣም በቀስታ፣ በአክብሮት አሳለፈው።

ምራታቸው የተሰበረውን ጠርጋ፣ የወደቀውን አንሥታ፣ ግድግዳው ላይ የመጣውን አዲስ የስንጥቅ ቅርንጫፍ በአበባ ማስቀመጫ ሸፍና ጠበቀቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል። «ድመቷስ?» አሏት እማማ በደጁ ሲያልፉ። ምራታቸው አንገቷን ደፋች። እማማን ንጹሕ ልብስ አልብሳ፣ ኢንጂነሩ «እንደምን ዋላችሁ ብቻ በይ፣ ሌላው ለኔ» ብሏቸው፣ ወደ መጨረሻው ፎቅ አውጥተው ክፍላቸው ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧቸው።

ገዢዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ አስተማሪ፣ እሱ የአውቶቡስ ሾፌር። የሁለቱ ዘመዶች ተረባርበው፣ ለዓመታት የቆጠቡትንም ጨምረው፣ የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ነው። አስተማሪዋ ልትወልድ ወራት የቀሯት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ደረጃውን እያረፈች ወጣች። ሾፌሩ ንጣፉን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፣ ቧንቧውን ይከፍታል ይዘጋል፣ ያላወቀውን ነገር ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላል። ኢንጂነሩ ስለ ውሃው ግፊት፣ ስለ ጎረቤቶቹ ጨዋነት፣ ከባድ መኪና እንዳያልፍ ስለተሠሩት ጉብታዎች ይነግረዋል። ሁለቱ ወንዶች ሰገነቱን ለማየት ወጡ። አስተማሪዋ እማማ ክፍል ውስጥ ቀረች።

«ይቺ የልጁ ክፍል ትሆናለች ብለናል» አለች፣ ወገቧን ይዛ ዙሪያውን እያየች። «ብርሃን አላት። ለእርስዎ ተስማምታዎታለች እማማ?»

እማማ የአስተማሪዋን ጣት አዩ። አልጋ የሚቆምበትን ቦታ በአየር ላይ እየለካች ነበር፤ ከቁም ሣጥኑ ጎን። ለአፍታ አለቱ ላይ ያለው ክፍል ታያቸው፤ ፀሐይ ገብቶበት፣ ደረጃ የሌለው፣ ልጃቸው ልብስ ሰፊዋ በአጥር በኩል «እማዬ ደህና አደርሽ» የምትልበት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ዝም ማለት ደግሞ ይችሉበታል፤ ትዳራቸውን ሁሉ የኖሩት በዚያ ነው። ጌታዬ፣ አሉ፣ ይህን ያህል ጊዜ አፌን ጠብቅልኝ እያልኩ ስለምንህ ጠበቅህልኝ፤ ዛሬ ግን ተወኝ።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ታማሚ ነኝ» አሉ። «ያዞረኛል ብለውኛል። ሐኪምም አይቶኛል። ስለ ቤቱ ልጄ ይንገርሽ፤ እኔ ስለ በሽታዬ ላጫውትሽ።»

«ያጫውቱኝ» አለች አስተማሪዋ በጨዋነት፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች።

«በሽታዬ የሚነሣው ድንገት ነው። መጀመሪያ ከሥር እንደ ጭነት መኪና ያጉረመርማል። ከዚያ የተቀመጥሽበት አልጋ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ጣሪያው አቧራ ያራግፋል። ብርጭቆዬን ሰብሮታል ይህ በሽታ፤ ግድግዳውንም ሰንጥቆታል፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እጅሽን ብትሰጂ ታገኚዋለሽ። ድንጋዩ ላይ የምትኖር ልጅ አለችኝ። እሷ ጋ ስሄድ ፈጽሞ አይነሣብኝም። እዚህ ቤት ስመለስ ነው።»

አስተማሪዋ እጇን አልሰደደችም። ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ። «የተነሣብዎት መቼ ነው?» አለች።

«ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ። ዛሬም ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ግን ቤት አልነበርኩም።»

«ማክሰኞ እኔንም አዞረኝ» አለች አስተማሪዋ። «እዚሁ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው የተከራየነው። አከራያችን እርግዝና ነው አለችኝ። ባለቤቴም እርግዝና ነው አለ። እኔም አመንኩ። ዛሬ ጠዋትም…» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አስተማሪዋ መሳቅ ጀመረች፣ ድምፅ የሌለው፣ ዓይን የሚያስነባ ሳቅ። እማማም ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ወንዶቹ ሲገቡ ሳቁ አላለቀም ነበር። «ምን አገኛችሁ?» አለ ሾፌሩ ፈገግ ብሎ።

«በሽታዬን አገኘሁት» አለች ሚስቱ። ወደ ኢንጂነሩ ዞረች፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስታስነሣ እንዲህ ሳትሆን አትቀርም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥራዎ አፈር መመርመር ነው አይደል ያሉን?»

«አዎ።»

«የዚህን ቤት አፈር መርምረውታል?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር፤ የለም ማለትም ይቻል ነበር። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኢንጂነሩ እናቱን አየ፤ እናቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ያዩታል፤ አይቆጡም፣ አይለምኑም፣ ይጠብቃሉ።

«ከሠራሁት በኋላ ነው የመረመርኩት» አለ።

ሾፌሩ አልገባውም። ሚስቱ ግን ተነሣች። ደረጃውን ስትወርድ ባሏ ከፊቷ እየወረደ «ምን ማለቱ ነው? ውሃው እኮ ግፊት አለው» ይላል፤ እሷ «ስንወጣ እነግርሃለሁ» ትላለች። ምድር ላይ ሲደርሱ ምራታቸው በሩን ስትከፍትላቸው አስተማሪዋን በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ምን እንዳለቻት፣ ከላይ በመስኮት የሚያዩት እማማ አልሰሙም፤ አስተማሪዋ ግን ዞር ብላ እጇን ጨበጠቻት።

ኢንጂነሩ ወደ ላይ ተመልሶ እናቱ አልጋ ላይ ተቀመጠ።  የመንገዱ ላይ ልጆች ጫጫታ በመስኮቱ ይገባል፤ የሆነ ቦታ የሚፈስ ቧንቧ ይንጠባጠባል።

«አሁን ለማን ልሽጠው?» አለ።

«ለሚያውቅ ሰው ሽጠው።»

«የሚያውቅ ሰው አይገዛውም እማዬ።»

«እንግዲያው የሚያውቁት ይኑሩበታ።»

 ኢንጂነሩ ተነሥቶ የእናቱን ፍራሽ ጠቀለለና ትከሻው ላይ አደረገው። ወገቡ ምንም አልሆነም። ደረጃውን ወርዶ አጥሩ ሥር፣ ከቤቱ ራቅ ባለው ጥግ አነጠፈው። እናቱንም ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው፤ ማን ማንን እንደደገፈ ግን የሚያይ ሰው አይለየውም ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የምግብ ጠረጴዛውን ከምራታቸው ጋር ይዘው አወጡና እራት ግቢ ውስጥ ቀረበ። ሦስቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። ነፋስ ነበር። ማንም ግን ነፋስ ልንቀበል ወጣን አላለም።

የሰብሳቢው ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ኢንጂነር፣ ምነው እራት ውጭ? እንግዳ አላችሁ እንዴ?»

ምራታቸው ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። እማማ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቆዩ። የኢንጂነሩ ከንፈር እንደ ልማዱ ሊከፈት ሲል አዩት።

«እንግዳ የለም» አለ ኢንጂነሩ። «ቤቱ ይንቀጠቀጣል። የሁላችንም ቤት ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ጭቃ ነው፤ በስቼ አይቼዋለሁ።»

 የሰብሳቢው ራስ ቀስ ብሎ ከአጥሩ ወረደ።

«አሁን ስብሰባ ይጠራል» አለች ምራታቸው በሹክሹክታ።

ሦስቱም መብላታቸውን አቁመው አደመጡ። ከማዶ ለተወሰነ ጊዜ ኮሽታ አልነበረም። ቀጥሎ ከባድ ነገር በንጣፍ ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ እግሩ እየተንጫጫ ደረጃ ወረደና ሣር ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ጠረጴዛ ነበር። ከዚያ ወንበሮች ተከተሉ። የሰብሳቢው ሚስት «ቀስ በል እንጂ፣ እናቴን መጀመሪያ አውርዳት» ስትል ተሰማች። ከነሱም ማዶ፣ ከሦስተኛው ግቢ፣ ሌላ በር ተከፈተ።